ኑዛዜ ይፍረስልኝ ስትሉ ማንን ነው የምትከሱት?

ኑዛዜ ይፍረስልኝ ብሎ ቢሮ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ፊርማ ነው። «አባቴ እንዲህ አይፈርምም»፣ «ምስክሮቹ የሷ ዘመዶች ናቸው»፣ «ያኔ እኮ ሰው አይለይም ነበር» ምናምን። እሺ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ካልተነበበ ዋጋ የለውም ስለሚል (ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይ ሬጅስትራር በሥራው ላይ ሆኖ ከሆነ 2 ይበቃሉ) እዚያ ላይ ጉድለት ካለ ኑዛዜው ሊወድቅ ይችላል። እኔ ግን ስለ ፊርማው ከመስማቴ በፊት ማንን ነው የምትከሰው ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፣ «እሷን ነዋ!»

እሷ ማለት ቤቱ የተናዘዘላት ናት፣ እንጀራ እናት ወይ ታናሽ እህት ወይ ሰውየውን መጨረሻ ላይ ያስታመመች የአክስት ልጅ። የተናደድነው በሷ ስለሆነ የምንከሰውም እሷን ብቻ ይመስለናል፣ ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው። ኑዛዜ ሲፈርስ ለሁሉም ነው የሚፈርሰው፣ በ3ኛው አንቀጽ 20 ሺህ ብር የተናዘዘላት የቤት ሠራተኛም ታጣለች፣ ስሙ ያልተጠራው ወንድምህም ባልጠበቀው ሰዓት ወራሽ ሆኖ ይመጣል። ፍርዱ የሚነካው ሰው ሁሉ ደግሞ ሳይሰማ ከቀረ ነገ ፋይሉን ይዞ ይመጣብሃል።

ስለዚህ ኑዛዜውን ስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡት። ስሙ የተጠቀሰ ተጠቃሚ በሙሉ ይሰመርበት፣ ትንሽም ያገኘ ቢሆን። ቤተክርስቲያን ወይ እድር ከተጠቀሰ ማን እንደሚወክለው አጣሩ፣ የአስተዳዳሪውን ስም ብቻ ጽፎ መምጣት ሰውየውን በግሉ መክሰስ ነው የሚሆነው። ቀጥሎ ኑዛዜ ባይኖር ይወርሱ የነበሩትን ቁጠሩ፣ ልጆች በሙሉ፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለደው ጭምር (አውቃለሁ፣ ቤተሰቡ ስለሱ ማውራት አይወድም)፣ ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ደግሞ የሱ ልጆች በሱ ቦታ ይገባሉ። ኑዛዜው አስፈጻሚ ከሾመ ወይ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ ከሾመ እሱም ይታሰብ። ሚስት ወይ ባል በሕጋችን በዝምድና ወራሽ አይደሉም፣ ግን የጋራ ንብረቱ ግማሽ የራሳቸው ነው፣ ሟች ቤቱን ጠቅላላ የኔ ነው ብሎ ከተናዘዘ ሚስትየዋ ክሱ ውስጥ ከሌለች ራሷ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 41 ጣልቃ ልግባ ብላ ትመጣለች።

እንበል አምስት ልጆች አሉ። ሁለቱ ኑዛዜውን ይቃወማሉ፣ አንዷ ተጠቃሚዋ ናት፣ አንዱ «እኔ ከእህቴ ጋር ፍርድ ቤት አልቆምም» ብሏል፣ አንዷ ቨርጂኒያ ነው ያለችው። አልቆምም ያለው ምን ይደረጋል? ዝም ብሎ መተው ነው የሚመርጡት፣ «ተወው እሱ አይፈልግም»። ግን ኑዛዜው ከፈረሰ እሱም ድርሻ አለው፣ ካልፈረሰ እሱንም ያስረዋል። በግድ ከሳሽ አታደርገውም፣ ስለዚህ ያለው መንገድ ተከሳሽ ማድረግ ነው፣ ክሱ ላይም ከሱ ምንም እንደማትጠይቁ፣ የተጠራው መብቱ ስለሚነካ ብቻ እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ይሄን ስናገር ሰው ይደነግጣል፣ «ወንድሜን ልክሰስ?» ይላል። በኛ ባህል ተከሳሽ መባል ወንጀለኛ እንደመባል ስለሆነ አይገርመኝም፣ ለዚያ ነው ደውሎ ቀድሞ ማስረዳት የሚሻለው።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ወረዳውን ወይ የመሬት ይዞታ ቢሮውን ጭምር ከሶ ይመጣል፣ ስም እንዳያዞሩብኝ ብሎ። ለዚያ የሚያስፈልገው እግድ ነው፣ አቤቱታ አቅርባችሁ የእግድ ትዕዛዙ ለቢሮው እንዲጻፍ ታደርጋላችሁ። ቢሮው በኑዛዜው ጥቅም የለውም፣ ዝም ብሎ ተከሳሽ ሲደረግ ከክሱ ውጪ ልሁን ብሎ አንድ ቀጠሮ ይበላባችኋል፣ አንድ ቀጠሮ ደግሞ ስንት ወር እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አንድ ሰው ከተረሳስ? ክሱ በዚህ ብቻ አይወድቅም፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 39 እና 40 ተከራካሪ መጨመርም መቀነስም ይፈቅዳሉ። ይሄን ሰምተው «አሃ በኋላ እንጨምራለን» የሚሉ አሉ። ግን ጊዜውን ተመልከቱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 973 እና 974 መሠረት ኑዛዜው ሲከፈት የነበረ ሰው መቃወሙን በ15 ቀን ማሳወቅ አለበት፣ ክሱ የ3 ወር ገደብ አለው፣ ከዚያም የ5 ዓመት ጣሪያ አለ። ዘግይቶ የተጨመረ ተከሳሽ የመጀመሪያ መልሱ ምን እንደሚሆን ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፣ ይርጋ ነው፣ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ማለት። ሕጻናት ካሉበት ደግሞ ሞግዚታቸው በስማቸው ይጠራል፣ ግን ሞግዚቷ እናታቸው ሆና ራሷም በኑዛዜው የምትጠቀም ከሆነ ጥቅማቸው ይጋጫል፣ ለልጆቹ ሌላ ተወካይ ይሾም ብላችሁ ከመጀመሪያው አመልክቱ።

አሁን ወደ መጥሪያው። እኔ ትልቁ ጣጣ ይሄ ይመስለኛል፣ ሰው ግን እንደ ወረቀት ማድረስ ብቻ ነው የሚያየው። ብዙ ጊዜ መጥሪያውን ከሳሹ ራሱ ተቀብሎ ነው የሚያደርሰው፣ ስለዚህ የእህቱን ልጅ ይዞ አክስቱ ቤት ይሄዳል። በሩ ይከፈታል፣ «ግባ እንጂ ቡና ልናፈላ ነው» ትላለች፣ ማኅተሙን ስታይ ፊቷ ይለወጣል፣ ወረቀቱን ሶፋው ጥግ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ፈርሚ ሲላት «መነጽሬ የለም» ትላለች። እሱ አድርሻለሁ ብሎ ይመለሳል። የቀጠሮው ቀን ትመጣና «ወረቀት ጥሎ ሄደ፣ የክስ መሆኑን ማን ነገረኝ» ትላለች፣ ዳኛውም እንደገና ይድረሳት ብሎ ሌላ ቀን ይሰጣል፣ ልክም ነው።

አልፈርምም ካለች ሰው ፊት ይሁን፣ ጎረቤትም ይሁን የቀበሌ ሰው፣ ማን እንደነበረ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ፣ ሕጉ እምቢ ያለ ሰው በር ላይ መለጠፍን ይፈቅዳል። የተሻለው ግን በፍርድ ቤቱ መጥሪያ አድራሽ ማድረግ ነው፣ ዘመድ ለዘመድ መጥሪያ ሲሰጥ ሁለቱም ይዋሻሉ። ከመጥሪያው ጋር ክሱና ማስረጃው በተከሳሾች ቁጥር ልክ ኮፒ ተደርጎ ይያያዝ፣ ኑዛዜው ራሱ ሳይያያዝ የሄደ መጥሪያ አይቻለሁ።

ቨርጂኒያ ያለችዋስ? እዚህ ጋ ነው ሰው የሚያጭበረብረው። ክሱ ላይ «አድራሻዋ የማይታወቅ» ብለው ይጽፋሉ፣ በቃለ መሐላም ያረጋግጣሉ፣ ፍርድ ቤቱም በጋዜጣ ይጠራ ይልና አዲስ ዘመን ላይ ይወጣል፣ ማንም አያነበውም፣ አልቀረበችም ተብሎ በሌለችበት ይወሰናል። እሷ ግን ከወንድሟ ጋር ዋትሳፕ ላይ በየቀኑ ታወራለች፣ ለተዝካሩም ብር ልካለች! በቀጣዩ ክረምት ለእረፍት ስትመጣ ትሰማለች፣ ስክሪንሻቷን ይዛ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 መጥሪያው አልደረሰኝም፣ ውሳኔው ይነሳልኝ ትላለች። ጊዜዋ ውሳኔውን ካወቀች አንድ ወር ነው፣ ማስረጃዋ ደግሞ ከሳሾቹ ራሳቸው የላኩት መልእክት ነው። የሐሰት ቃለ መሐላ ጉዳይማ ሌላ ነው። አሁን ይሄን ሁሉ ከማድረግ የውጭ አድራሻዋን ጽፎ መጥሪያው በፖስታ እንዲላክ መጠየቅ፣ ወይ እሷ ራሷ በኤምባሲ በኩል ለአንድ ሰው ውክልና እንድትልክ ማድረግ ምን ይከብዳል? ውክልናው እዚህ መጥቶ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ እስኪያልፍ ይቆያል፣ እሱን አልክድም።

ተቃራኒውም አለ። ተጠቃሚዋ ቀድማ ሄዳ ኑዛዜው እንዲጸድቅላትና የወራሽነት ማስረጃ እንዲሰጣት ትጠይቃለች፣ ማመልከቻው ላይ እህት ወንድም የሚባል ነገር አይነሳም፣ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፣ ዝም። እናንተ የምትሰሙት ካርታው ሊዞር ሲል ነው። ያኔ አዲስ ክስ ለመክፈት አትሩጡ፣ መጀመሪያ ያንን ፋይል አስወጥታችሁ እዩ። በክርክሩ መግባት ሲገባው ያልገባና ውሳኔው መብቱን የነካበት ሰው፣ ውሳኔው ሳይፈጸም በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። «ሳይፈጸም» የምትለዋን ቃል አስምሩባት፣ ለዚህ ነው እግዱ ከመቃወሚያው ጋር አብሮ በዚያው ቀን መግባት ያለበት።

ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው በሕይወት መኖሩንም አጣሩ። ኑዛዜው ከተጻፈ ቆይቶ ከሆነ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ አልፎ ሊሆን ይችላል፣ ሟች አይከሰስም፣ የሱ ወራሾች ናቸው የሚጠሩት። ከዚያ የክሱን ኮፒ ለእህት ወንድሞቻችሁ ቀድማችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው፣ በስልክም አስረዷቸው። መጥሪያውን ግን በደንቡ አድርሱ፣ ዳኛው የሚፈልገው ፊርማ ነው፣ የቴሌግራም ሁለት ምልክት አይደለም።