የፊልሙ ጠርዝ የመሰከረው

ፊልም በማጠብና ፎቶግራፍ በማተም ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው፣ ከደንበኛ ጋር የሚፈጠር አለመግባባት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ምስሉ የተበላሸው ካሜራው ውስጥ ነው ወይስ ጨለማው ክፍል ውስጥ? ፊልም በሁለት ሰዎች እጅ የሚያልፍ ሥራ በመሆኑ ጥያቄው ቀላል አይደለም። አንደኛው ብርሃኑን ይሰጠዋል፤ ሌላው በኬሚካል ምስሉን ያወጣዋል፤ ሁሉም አልቆ ፊልሙ እስኪሰቀል ድረስ ግን ሁለቱም ምን እንደ ሠሩ አያዩም። ከዚህ በታች የምተርከው ገጠመኝ የደረሰው በሥራዬ የመጀመሪያ ዘመን ሲሆን፣ ሰዎች ጥሩ ዲጂታል ካሜራ በኪሳቸው ይዘው ሳለ ስለምን አሮጌውን የፊልም ካሜራ እንደሚፈልጉት ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ በላይ ያስረዳኝ እርሱ ነው።

አንዲት ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ከአንድ ድርጅት ጋር ተዋውላ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሠራተኞችን በየሥራ ቦታቸው እንዳሉ ታነሣ ነበር። ሥዕሎቹ በድርጅቱ መተላለፊያዎች ላይ ለረጅም ጊዜ የሚሰቀሉ በመሆናቸው፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ተነሥተው ብር ባለበት የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ እንዲታተሙ ተስማምተዋል፤ እንዲህ ያለ ኅትመት በአግባቡ ከታጠበና ከተያዘ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላልና። ካሜራዋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ፣ ሹተሩ (ብርሃን ወደ ፊልሙ እንዲገባ የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል) ያለ ኤሌክትሪክ በሞላና በጥርስ ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ባትሪ የሚያስፈልገውም ለብርሃን መለኪያው ብቻ የሆነ ዓይነት ነበር። ሌንሱ ንጹሕ፣ አካሉም በጥንቃቄ የተያዘ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጥቅልሎች ከማጠቢያው ታንክ ወጥተው ሲሰቀሉ ኔጋቲቮቹ (ብሩህ የነበረው ጠቁሮ፣ ጥላ የነበረው ጠርቶ የሚታይባቸው የታጠቡ ፊልሞች) የሳሱ መሆናቸው ገና ከሩቅ ይታይ ነበር። በሠራተኞቹ ግንባርና እጅ ላይ ያረፈው ብርሃን በመጠኑ ተይዟል፤ የለበሱት ጥቁር ቱታ፣ ከማሽኖቹ ሥር ያለው ጥላና ከጀርባቸው ያለው የክፍሉ ጥግ ግን ምንም እንዳልተነሣበት ፊልም ባዶ ሆኖ ቀርቷል። የክፍሉ ኃላፊ ይህን እንዳዩ ዴቨሎፐሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ ደክሟል ብለው ደመደሙ፤ የተበጠበጠው ኬሚካል በሙሉ እንዲደፋ፣ ደንበኛዋም ይቅርታ ተጠይቃ ገንዘቧ እንዲመለስላት አዘዙ። ትእዛዙ ከቅን ልብ የመጣ ነበር። ጥርጣሬያቸውም ከንቱ አልነበረም፤ የደከመ ዴቨሎፐር፣ ከተወሰነው ሙቀት በታች የቀዘቀዘ ኬሚካል ወይም ያጠረ የማጠቢያ ጊዜ ሁሉም ኔጋቲቭን ያሳሳሉ።

ወጣቷ መጥታ ስታይ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀልለን ነበር። «ሰዎቹ እኮ በወሩ መጨረሻ ይሰናበታሉ» ብላ ዝም አለች። ገንዘብ መመለስ ይህን እንደማይመልስ ሁላችንም ተረዳን።

በዚያ ቤት ለረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ። ኬሚካሉ ከመደፋቱ በፊት አንዱን ኔጋቲቭ በብርሃን ጠረጴዛው ላይ አንጥፈው ማጉያ መነጽራቸውን አነሡ፤ ምስሎቹን አልፈውም ጠርዙ ላይ አሳረፉት። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጠርዝ ላይ፣ በቀዳዳዎቹ አጠገብ፣ የፊልሙ ስምና ተራ ቁጥሮች ይገኛሉ። እነዚህ ፊደላት ፊልሙ ገና በፋብሪካ ሳለ በብርሃን የተጻፉ ስለሆኑ፣ እንደ ማንኛውም ምስል እስኪታጠቡ ድረስ አይታዩም። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን በየትኛውም ልክ ቢያስተካክል እነርሱን አይነካቸውም፤ ጥቁረታቸውን የሚወስነው የጨለማው ክፍል ሥራ ነው። ዴቨሎፐሩ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉም ከምስሉ ጋር አብሮ በሳሳ ነበር። የዚያ ፊልም ጽሑፍ ግን ጥርት ብሎ የጠቆረ ነበር። ፊልሙ ካሜራ ውስጥ ሲገባ የክፍሉን ብርሃን ያገኘው የፊት ጫፉም እንደ ከሰል ጠቁሯል። ኬሚካሉ ጥቁር ሊሆን የሚገባውን ሁሉ በሚገባ አጥቁሮ ነበር ማለት ነው።

«ልጄ፣ ፊልምሽ በደንብ ታጥቧል» አሏት። «የጎደለው ብርሃን ነው። ካሜራውን ይዘሽው ነው የመጣሽው?»

«አዎ ጋሼ፣ ይኸውልዎት» ብላ ከቦርሳዋ አወጣችው።

እዚህ ላይ የነገሩን አሠራር መግለጽ ያስፈልጋል። ፊልም በጄላቲን ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የብር ጨው ቅንጣቶችን የተሸከመ ነው። ብርሃን ሲያርፍባት በአንዲት ቅንጣት ላይ ጥቂት የብር አተሞች ይፈጠራሉ፤ በዓይን የማይታየው ስውር ምስል ይህ ነው። ዴቨሎፐር ከእነዚያ ጥቂት አተሞች ተነሥቶ ቅንጣቷን በሙሉ ወደ ጥቁር ብር ይለውጣታል፤ ብርሃን ያላገኙትን ቅንጣቶች ደግሞ ፊክሰር አሟሙቶ ያስወግዳቸዋል። (የብር ጨውን የሚያሟሟውን የውሕድ ባሕርይ ጆን ኸርሸል ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1819 ነው፤ ዛሬም በጨለማ ክፍል የምንጠቀምበት ፊክሰር የዚያው ዘር ነው።) እንግዲህ ጥላ ያለበት ቦታ በቂ ብርሃን ካላገኘ ዴቨሎፐሩ የሚነሣበት ነገር የለውም። የማጠቢያውን ጊዜ ቢያራዝሙት ብሩህ የነበረው ቦታ ይበልጥ ይጠቁራል እንጂ ባዶው ጥላ አይሞላም። በጥላው ውስጥ ያለውን ዝርዝር የሚያድነው ፎቶግራፍ አንሺው በሚያነሣበት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኛ የምንጨምርለት የለም።

አንጋፋው ባለሙያ ከሁሉ አስቀድመው የአይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት የሚለካበት ቁጥር) ማስተካከያውን ተመለከቱ፤ ልክ እንደ ፊልሙ 400 ላይ ነበር። ከዚያ የካሜራውን ጀርባ ከፍተው፣ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙረው፣ ሹተሩን በየፍጥነቱ እያሠሩ አዩ። እኔ ጥፋቱ የሹተሩ ይሆናል ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝን መልስ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። ያረጀና ቅባቱ የደረቀ ሜካኒካዊ ሹተር እንደ ደንቡ ይዘገያል፤ የዘገየ ሹተር ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ስለሚቆይ ፊልሙን በብርሃን ያጠግባል፣ ኔጋቲቩንም ያወፍረዋል። የሳሳ ኔጋቲቭ ሲገኝ ወደ ሹተር ከመሄድ በፊት ወደ መለኪያው መሄድ ይገባል።

መለኪያውን ለመፈተን ወደ ደጅ ወጣን። ፀሐይ ጥርት ባለችበት ቀን ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበት ነገር ሲነሣ፣ የሌንሱ ቀዳዳ 16 ላይ ሆኖ (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) የሹተሩ ፍጥነት ከፊልሙ አይኤስኦ ጋር ተቀራራቢ ይደረጋል፤ ይህ ያለ መለኪያ የሚሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚመሩበት የቆየ ደንብ ነው። ለ400 ፊልም ይህ ማለት በካሜራው ላይ ካሉት ፍጥነቶች ቅርብ የሆነው 1/500 ሰከንድ ነው። የእርሷ መለኪያ ግን ቀዳዳው 22፣ ፍጥነቱ 1/1000 እንዲሆን ያዝዝ ነበር። አንዱ ለውጥ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ሁለተኛው የቀረውን እንደገና በግማሽ ይቀንሰዋል። ሠራተኞቹ ሁሉ የተነሡት ከሚያስፈልገው ብርሃን ሩብ ያህሉን ብቻ በሰጠ ትእዛዝ ነበር።

ባለሙያው ከካሜራው ሥር ያለውን ክዳን በሳንቲም ፈትተው ባትሪውን በመዳፋቸው ላይ አወጡት። አዲስ ነበር፤ ወጣቷም ለሥራው ስትዘጋጅ እንደ ገዛችው ነገረችን። ችግሩ የባትሪው ዓይነት ላይ ነበር። የዚያ ዘመን ካሜራዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ሜርኩሪ ለያዘና እስኪያልቅ ድረስ 1.35 ቮልት ሳይዛነፍ ለሚሰጥ ባትሪ ነበር። ሜርኩሪ አካባቢን የሚመርዝ በመሆኑ እነዚህ ባትሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከገበያ ወጡ፤ ለምሳሌ በአሜሪካ በ1996 በወጣ ሕግ ሽያጫቸው ተከልክሏል። በቦታቸው የሚገባው በመልክና በመጠን ተመሳሳይ የሆነው አልካላይን ባትሪ ግን አዲስ ሲሆን ከ1.5 ቮልት በላይ ይሰጣል፤ እየተሠራበት ሲሄድ ደግሞ ይወርዳል። መለኪያው ውስጥ ያለችው የካድሚየም ሰልፋይድ ሴል ብርሃን ሲበዛ ብዙ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፤ መርፌውም በዚያው ልክ ይነሣል። ቮልቴጁ ራሱ ከፍ ሲል መርፌው ያለ በቂ ብርሃን ይነሣና ካሜራው «ብርሃን በዝቷል፣ ቀንስ» ይላል። ልዩነቱን በውስጥ ዑደታቸው የሚያስተካክሉ ካሜራዎች አሉ፤ የእርሷ ከእነዚያ አልነበረም።

ስለዚህ የተጠረጠረው ዴቨሎፐር አልተደፋም፤ ገንዘቡም በዚያ ምክንያት አልተመለሰም። ወጣቷ ግን ወዲያው አልሄደችም። አንጋፋው ባለሙያ ሹተሩ በምን እንደሚወጠር፣ መርፌው ከሴሏ ጋር በምን እንደሚገናኝ ሲያሳዩዋት አጎንብሳ ተከተለች፤ ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች የመስሚያ መሣሪያ የሚሠሩትን፣ ወደ 1.4 ቮልት የሚሰጡትን የዚንክ አየር ባትሪዎች ቀለበት ጨምሮ መጠቀም እንደሚቻልም ነገሯት። እነዚህ ባትሪዎች ተለጣፊያቸው ከተነሣ በኋላ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ቮልቴጃቸው ግን እኩል ሆኖ ስለሚቆይ መለኪያውን አያሳስቱትም።

ስለ ፊልም ካሜራ መወደድ ሲነሣ በብዛት የሚጠቀሱት የምስሉ ልስላሴና የቀድሞ ዘመን ናፍቆት ናቸው። ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ የፊልምን ዘመን ከቶ ያላዩ ወጣቶች በራችንን ባላንኳኩ ነበር። እኔ በዚያ ቀን ያየሁት ሌላ ነው፤ ሦስት ሰዎች ከመካከላቸው ከሁለቱ ዕድሜ የሚበልጥ መሣሪያ ከበው፣ ያለ ኮምፒውተርና ያለ ፋብሪካው እርዳታ፣ በዓይናቸውና በእጃቸው ብቻ ምን እንደ ደረሰበት ከሥሩ አወቁ። ኔጋቲቩ የሥራውን ታሪክ ሁሉ ይዞ ቆይቶ ነበር፤ ምን ያህል ብርሃን እንዳገኘ፣ ምን ያህል እንደ ታጠበ፣ የማን ድርሻ የት ላይ እንዳበቃ። ሠሪው ሥራውን እስከ መጨረሻው ሊያውቀው የሚችለው እንዲህ ባለ ዕቃ ነው፤ ሰውን ወደ አሮጌ ካሜራ የሚስበው ከሁሉ በላይ ይህ ይመስለኛል። ዲጂታልን ለማሳነስ አልጽፍም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋፒክሰል ምስል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበት እንደ ነበር ሲታሰብ፣ የተደረሰበት ደረጃ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን በ1925 ለገበያ የቀረበችው ላይካ የሠራችበት 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ዛሬም ከፋብሪካ ይወጣል፤ ኮዳክ በ2012 ያቋረጠውን ኤክታክሮም የተባለ ፊልም በ2018 መልሶ ለገበያ አቅርቧል፤ በ2024 ደግሞ ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ ሠርቶ አውጥቷል። ፈላጊ ባይኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ድርጅቱ የሆነውን ሲሰማ፣ ጊዜ ስላጠረ ቀሪው ሥራ በዲጂታል ካሜራ እንዲያልቅ ሐሳብ አቀረበ። ወጣቷ ግን በዚያው ካሜራ እንድትቀጥል ለመነቻቸው፤ «አሁን እኮ ነው ያወቅሁት» ስትል ሰምቻታለሁ። ለጥንቃቄ በእጅ የሚያዝ ሌላ መለኪያ ተውሳ፣ ከሠራተኞቹ ገና ያልተሰናበቱትን ሁሉ እንደገና አነሣች። ሁለተኛው ዙር ሲሰቀል የቱታዎቹ እጥፋት፣ በማሽኖቹ ሥር የተከማቸው የብረት ፍቅፋቂ፣ የእጅ ደም ሥር ሳይቀር ይታይ ነበር። አስቀድመው የሄዱት ጥቂት ሰዎች ግን በእነዚያ በሳሱት ኔጋቲቮች ላይ ብቻ ቀርተዋል። የጥቁርና የነጩን ልዩነት አጉልቶ በሚያወጣ ወረቀት ላይ፣ ደጋግመን እየሞከርን አተምናቸው፤ ልብሳቸውና ጀርባቸው ወደ ጥቁር ሰጥሞ ፊታቸው ብቻ ወጣ። ድርጅቱ እነዚህንም ከሌሎቹ ጋር ሰቅሏቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ፊልም ስንቀበል በመቀበያው ቅጽ ላይ ከፊልሙ ዓይነትና ከአይኤስኦው ቀጥሎ ሁለት ጥያቄዎች እንሞላለን፤ ካሜራው መቼ የተሠራ እንደ ሆነና መለኪያው በምን ባትሪ እንደሚሠራ። ጥያቄው የማይመለከታቸው የሚመስላቸው ደንበኞች አሉ፤ ብዙዎችም የባትሪውን ስም አያውቁትምና ክዳኑን እዚያው ፈትተን አብረን እናየዋለን። የሳሳ ኔጋቲቭ ሲያጋጥመን ደግሞ ለደንበኛው ስልክ ከመደወላችን በፊት ፊልሙ ወደ ብርሃን ጠረጴዛው ይሄዳል፤ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛም ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ጠርዙን ማንበብ ነው።