«አዋሳ» ያለ ሰው መቼ ሄደ?

ከውጭ የመጣ ሰው ባጃጅ ውስጥ ገብቶ «አዋሳ እንዴት ተለውጣለች!» ካለ ሹፌሩ መቼ እንደሄደ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከተማዋ ሐዋሳ ተብላ መጻፍና መጠራት ከጀመረች ቆይታለች፤ የሰውየው አፍ ግን የሄደበት ቀን ላይ ቆሟል። አዳማም እንዲሁ ነው። ከተማው በ2000 እ.ኤ.አ. በይፋ ወደ አዳማነቱ ሲመለስ፣ ቀድሞ የወጣው ዛሬም «ናዝሬት» ይላል። እርግጥ እዚያው የሚኖሩም ብዙዎች ናዝሬት ይላሉ፤ እነሱ ግን ሁለቱንም ስም እንደ ሰሚው ያፈራርቁታል። የስደት ልቦለድ ለሚጽፍ ሰው ይህቺ አንዲት ፊደል የሦስት ገጽ ትዝታ ታስቀራለች።

በእኛ አጫጭር ልቦለዶች ግን ተመላሹን የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሞ፣ ጀንበር ስትጠልቅ እያየ፣ እንባ እየተናነቀው ነው። ቡና ይቆላል፣ አባ ኮዳ ይበራል። ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ግን ሐይቁን አይቶ ለማልቀስ ተሰዶ መመለስ አያስፈልግም፤ ለሽርሽር የመጣም ያለቅሳል። የማን ነኝ የሚለው ጥያቄ ሰውን የሚይዘው ቅጽ ሲሞላና ስልክ ሲቀጥር ነው።

ስማቸው የገነነው የአፍሪካ ስደት ልቦለዶች ይህን አውቀውታል። በአብዱልራዛቅ ጉርናህ «ባይ ዘ ሲ» (2001 እ.ኤ.አ.) ሽማግሌው ሳሌህ ኦማር ጋትዊክ የሚደርሰው በሌላ ሰው ስም በወጣ ፓስፖርት ነው። እንግሊዝኛ እየሰማ አልሰማም ይላል፤ የኬላው ሹም ደግሞ ሳጥኑን ከፍቶ ዕጣኑን ይወስድበታል። በቺማማንዳ አዲቼ «አሜሪካና» (2013 እ.ኤ.አ.) ኢፌሜሉ አሜሪካ ውስጥ ሥራ የምትፈልገው በሌላ ሴት ካርድ ነው፤ ኦቢንዜ ለንደን ላይ በሌላ ሰው ስም ተቀጥሮ ለስሙ ባለቤት ከደመወዙ ያካፍላል። ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ ዋሽንግተን ውስጥ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ከኬንያዊና ከኮንጎዋዊ ጓደኞቹ ጋር ይጫወታል፦ አንዱ የአምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና መፈንቅለ መንግሥት የተደረገበትን ዓመት ይመልሳሉ። ናፍቆት የሚል ቃል ሳይነሳ ናፍቆቱ ይታያል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ስም ነው። ምሳሌ እንሥራ። አበራ ተሰማ ደስታ የሚባል የሐዋሳ፣ የአቶቴ ሰፈር ልጅ አሜሪካ ገባ። ወረቀቱ ላይ «ላስት ኔም» የሚለው ቦታ የአያቱ ስም ደስታ ተጻፈ። ሴት ልጅ ሲወልድ ሆስፒታሉ ማርታ ደስታ ብሎ መዘገባት። በእኛ አቆጣጠር ማርታ አበራ ነበረች፤ በወረቀቱ የቅድመ አያቷ ልጅ ሆነች። የአበራ ሚስት አልማዝ ከበደም «ሚስስ ደስታ» ስትባል የባሏ አያት ልጅ መሰለች፤ እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ከሃያ ዓመት በኋላ ማርታ ሐዋሳ መጥታ አክስቷ ቤት ስትቀመጥ አንድ ጎረቤት «የአባትሽ ስም ማነው?» ብሎ ቢጠይቃት «ደስታ» ትላለች። አክስቷ ሳቋን ለቀቀች፦ «ደስታ እኮ ሞቶ አፈር ከሆነ ስንት ዘመኑ!» እዚህ ጋ ጸሐፊው ዝም ይበል። ማርታ ግራ እንደተጋባች መግለጽ አያስፈልግም።

ጣጣው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ሲወጣ ይቀጥላል። የካርዱ መሠረት አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ ከወላጆች፣ ከአያቶች ወይም ከቅድመ አያቶች አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይባላል። ስለዚህ ማርታ ከአበራ መወለዷን ማሳየት አለባት፤ የሁለቱ ሰው ወረቀት ግን «ደስታ» በምትል አንዲት ቃል ብቻ ይገናኛል፣ እሷም በእኛ አነጋገር የማንኛቸውም አባት አይደለችም።

ብዙ ድርሰት የሚሳሳተው እዚሁ ካርድ ላይ ነው። ገጸ ባሕርይው «ሁለት ፓስፖርት» ይዞ ይዞራል። በዜግነት አዋጁ (378/1996) በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባዋል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ያኖረዋል፣ ከመከላከያ፣ ከደኅንነት፣ ከውጭ ጉዳይና ከመሳሰሉት በቀር ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራዋል። መምረጥም መመረጥም ግን አያስችለውም። ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ፣ ሲዳምኛ አቀላጥፎ የሚናገር የአሜሪካ ፓስፖርት ያዥ ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ዕለት ቤት ተቀምጦ የወንድሞቹን ቀለም የነካ ጣት ያያል። የስደት ታሪክ ፈልገው ላጡ፣ ይኸው አንድ።

የልደት ቀንም እንደዚያ ነው። መስከረም 1 ቀን 1985 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ልደቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው። ቅጽ ሞዪው ሳይቀይር 1/1/1985 ብሎ ከገለበጠው ልጁ በአንድ ብዕር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አርጅቷል። የጡረታ ዕድሜውም፣ የሚገባበት ክፍልም በዚያው ይዛባል። ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል፤ እናም ከተለያየ ቀበሌ የመጡ አምስት ጎረምሶች በአንድ ቀን ተወለዱ ይባላል። ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ጃንዋሪ 1 ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይቀንስ።

ሰዓቱን ብዙዎች አያስቡበትም። እናት ከሐዋሳ «ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውዪ» ትላለች፤ በፈረንጁ 20 ሰዓት ነው፣ ዋሽንግተን በክረምታቸው እኩለ ቀን። ልጅቱ «2 ሰዓት» የሚለውን በእሷ ሰዓት ሰምታ ከምሳ በኋላ ስትደውል ሐዋሳ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። እናት ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለት ሰዓት ጠብቃለች። በበጋቸው ደግሞ ልዩነቱ ከስምንት ወደ ሰባት ሰዓት ይወርዳል፤ እናት ይህን ስለማታውቅ «ምነው ቀድመሽ ደወልሽ?» ትላለች። ጠብ ሳይኖር የተቀያየመ ቤተሰብ በዚህ ይሠራል።

ንግግር ላይ የምናየው ስሕተት ደግሞ ሌላ ነው። ውጭ ያደገ ልጅ ሁሉ በየዐረፍተ ነገሩ «ዩ ኖው» ይላል፤ የቴሌቪዥን ድራማ በሽታ ነው። በተግባር የሚሰነጠቀው ግሡ ነው። አማርኛ ከእናቱ ጋር ብቻ የሚያወራ ወንድ ልጅ አጎቱን «ነይ፣ ብይ» ይለዋል፤ ለእናቱ ሲናገር አፉ የለመደው የሴት ግስ ብቻ ነውና። የንስሐ አባቱን «አባ፣ ሻይ ትጠጣለህ?» ይላል። አባ ምንም አይሉም፤ አያት ግን በዓይን ልጁን ትገርፋለች። የእንግሊዝኛ ቃላቱ የሚቀሩት በሥራ ዙሪያ ነው፦ ሽፍት፣ ኦቨርታይም፣ ኢንሹራንስ። ስለ ልቡ ሲያወራ በአማርኛ ነው፣ ስለ ደመወዙ ሲያወራ ግን ይቀላቅላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያናድደው ግን የስደት ገጸ ባሕርያችን ከዋሽንግተን ብቻ መምጣቱ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ስንቱ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍቷል፤ ጆሃንስበርግ «ጄፒ» በሚሉት መንገድ ላይ አማርኛ ይሰማል። በሐዋሳ በኩል የሄደ አለ፣ ሲመለስም እዚሁ የሚያርፍ አለ። ስለ አረብ አገርማ አይነሳ። እዚህ ሰው ሲናገር ልብ በሉ፦ ከአሜሪካ የመጣው «ዲያስፖራ» ነው፣ ከጅዳ የመጣችው «ከአረብ አገር የመጣች» ናት። ለሁለት ዓመት ኮንትራት ሄዳ ስድስት ዓመት የቆየች፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) «ከፊል» ከሚባለው አሠሪዋ እጅ ያልወጣ ልጅ ቃሉ አይደርሳትም።

እሷን ለመጻፍ እንባ አያስፈልግም። ቤቷ ሳሎን ውስጥ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ስልክ ሲጠራ በአረብኛ «አይዋ» ብላ ታነሳና ታፍራለች። እንግዳ ሲገባ ማንም ሳያዛት ተነስታ ሲኒ ትሰበስባለች፣ ውኃ ታመጣለች፣ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። እናቷ ክንዷን ይዛ ትስባታለች፦ «ተቀመጪ ልጄ፣ ዛሬስ አንቺ ነሽ እንግዳ።»