«አጥብቅልኝና ልሂድ»

ባለፈው አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ሹፌር ጭነት የሞላ ፒክአፕ ይዘው ጋራዥ ገቡ። «የኋላው ግራ ጎማ ጠቅ ጠቅ ይላል። ዳዶው ላልቶ ይሆናል፣ አንዴ አጥብቅልኝና ልሂድ፣ ዕቃው ይጠበቃል» አሉኝ። ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ጎማውን አየሁት። ጎማውን ከሚያስሩት ዳዶዎች ሥር ወደ ውጭ የተረጨ የዝገት መስመር አለ። ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል ማለት ነው።

በክሪክ አንስተን ስናወልቀው ዳዶ ከሚጠብቅባቸው ስድስት ቡሎኖች ሁለቱ ተበጥሰዋል፣ የቸርኬው ቀዳዳዎችም ሞላላ ሆነዋል። ሰውዬው ደነገጡ። «ጎማ የቀየርኩት በቅርቡ ነው። በአየር ቁልፍ ጥርቅም አድርገው ነው ያሰሩልኝ፣ እንዴት ይላላል?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ብዙዎቻችን ጎማውን የሚይዘው የቡሎኑ ውፍረት ይመስለናል። አይደለም። ዳዶ ሲጠብቅ ቡሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ እንደተወጠረ ላስቲክ ወደ ነበረበት ልመለስ ሲል ቸርኬውን ከሞዞው (ቡሎኖቹ ከተተከሉበት የሚዞር ብረት) ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ጎማው ሳይንሸራተት የሚቆየው በዚህ ግፊት በሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ልጠቱ ግን አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በመሃል ዝገት፣ ጭቃ ወይም ወፍራም ቀለም ካለ፣ መኪናው ትንሽ ሲነዳ ያ ነገር ይደቅቅና ዳዶው ገና ሳይዞር ውጥረቱ ይጠፋል። ከዚያ ቸርኬው መንሸራተት ይጀምራል፣ ዳዶው በንዝረት እየተፈታ ይሄዳል፣ አንድ ቡሎን ሲበጠስ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፣ እነሱም ይከተላሉ።

የሳቸውም መኪና ሞዞው ላይ የዝገት ቅርፊት ሳይፋቅ ነው ጎማ የታሰረበት። የአየር ቁልፍ ይሄን አያድንም። እንዲያውም ከልክ በላይ ካጠበቀ ቡሎኑ ተለጥጦ ይቀራል፣ ቀን ጠብቆ ይበጠሳል።

«ጋሼ፣ ይሄን አጥብቄ አልለቅዎትም» አልኳቸው። ተቆጡ፣ ስልክ ደወሉ፣ በመጨረሻ ዕቃው በሌላ መኪና ሄደ። የወለቀ ጎማ እኮ መኪናው ቢቆም እንኳ እየነጠረ ሄዶ መንገደኛ ሊገድል ይችላል፣ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። ስድስቱንም ቡሎን ቀየርን፣ ቸርኬውን ጣልነው። የቀሩት አራቱ ደህና ቢመስሉም የጓደኞቻቸውን ሸክም ተሸክመው ስለከረሙ አይታመኑም።

ጎማ ስታስቀይሩ የሞዞውና የቸርኬው ፊት በሽቦ ብሩሽ ይፋቅ በሉ። ዳዶው መጀመሪያ በእጅ ይግባ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይጥበቅ፣ ማሳረጊያው በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይሁን። ብዙ የቤት መኪኖች ከ100 እስከ 140 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይፈልጋሉ፣ የእናንተን ግን ከመኪናው መመሪያ እዩ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ይፈተሽ፣ ይሄን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል) ሲበላሽም ጎማ ሊያስወልቅ ይችላል፣ ድምፁ ግን ፍጥነት ስትጨምሩ አብሮ የሚያድግ ጉርምርምታ ነው። ጠቅ ጠቅ ካለ ወይም ጎማው ከተወላገደ ግን ፍሬን በኃይል ሳትይዙ ቀስ ብላችሁ ዳር ውጡና እዚያው ቁሙ።