«ቼ» ያለ ቀን

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለው። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ቃል የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሲፈልግ እጄን ይዞ ይጎትተኛል፣ ካልገባኝ መሬት ላይ ወድቆ ይጮሃል። ደሴ ውስጥ ያላንኳኳሁት በር የለም። ጸበል ወስጄዋለሁ፣ ጎረቤታችን ሸኽ ዱዓ አድርገውለታል፣ ሐኪም ዘንድ ሄጄም «ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል፣ ታገሺ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ኦቲዝም የሚለውን ስም የሰማሁት አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ነው።

ፈረሱን ያገኘነው ሳናስበው ነው። አጎቴ የሚኖሩት ቦሩ ሜዳ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ አላቸው፣ ቦራ ይሉታል። ዕድሜው የገፋ፣ ጋሪ ሲጎትት የኖረ፣ ባጃጅ አጠገቡ ቢያልፍ የማይበረግግ ፈረስ ነው። ለዘመን መለወጫ ልንጠይቃቸው ሄደን ቤቱ በሰው ሲሞላ ልጄ ሸሽቶ ወጣ። ልቤ ተሰቅሎ ስፈልገው ሜዳው ላይ፣ ቦራ ሣር ሲግጥ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ አገኘሁት። ዝም ብሎ ፈረሱ ሲያኝክ ያዳምጣል። ያን ያህል ጊዜ ረግቶ ሲቆም አይቼው አላውቅም።

በሳምንቱ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። ቸኮልኩ። አንስቼ ፈረሱ ጀርባ ላይ አስቀመጥኩት፣ ፎቶ ላነሳው። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ፈረሱ አጠገብ አልደርስም አለ። አጎቴ «አብሽሪ ልጄ፣ ውርንጭላም ሲገራ እንዲሁ ነው፣ በጉልበት ከያዝሽው ይሸሽሻል» አሉኝና ከሩቅ እንድንጀምር ነገሩኝ።

እሁድ እሁድ ማለዳ ሣሩ ላይ እንቀመጣለን፣ ሌላ ምንም የለም። ነፋሱ፣ ብርዱ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ። ከዚያ በእጁ ሣር ሰጠው። ከዚያ አንገቱን ዳበሰ። በሁለት ወሩ ራሱ እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋልኝ። ኮርቻው አልተመቸውም፣ የቆዳው ሽታና የእርካቡ ድምፅ ያስጨንቀዋል፤ ስለዚህ ባና አጥፈን ጀርባው ላይ አሰርንለት። ሄልሜቱንም እምቢ ብሎ ነበር፣ ቤት ውስጥ እራት ሲበላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያደረግኩለት ነው የለመደው።

ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ወገብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዘዋል፣ ልክ ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚሆነው። ቀኑን ሙሉ ራሱን የሚያወዛውዘው ልጄ እዚያ ላይ ሲሆን ሰውነቱ ይላላል። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ 127 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችን ያሳተፈ ጥናት ታትሟል። 10 ሳምንት ፈረስ የጋለቡት፣ ስለ ፈረስ እየተማሩ ፈረስ ካልነኩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ብስጭታቸው ቀንሶ የሚናገሩት ቃል ጨምሯል። ይህን ያነበብኩት ግን እኛ ከጀመርን በኋላ ነው።

ንግግሩ እንዲህ መጣ። አጎቴ ይስባሉ፣ እኔና እህቴ ግራና ቀኝ ሆነን እንሄዳለን። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደን እንቆማለን። ከዚያ ዝም። እኔ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ «በል እንጂ፣ ውሃ በል፣ እማዬ በል» ስል የኖርኩ ሴት፣ አፌን ዘግቼ በልቤ እስከ አስር መቁጠር ምን ያህል እንደከበደኝ አልነግራችሁም። መጀመሪያ ሰውነቱን ወደ ፊት ገፋ። ያም ንግግር ነው ብለን ወዲያው ሄድን። በኋላ አንገቱን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። አንድ እሁድ እንደተለመደው ቆመን፣ ዝም ብለን፣ ስምንት ላይ ስደርስ «ቼ» አለ።

አጎቴ ገመዱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እኔ አለቀስኩ። ቦራ ግን ሄደ። ለልጄ የመጀመሪያ ቃል መጀመሪያ የመለሰለት ፈረሱ ነው። ዓይኔን እየኝ አላለው፣ ድገመው አላለው፣ ተራመደለት።

ብዙ ሰው «ዳነልሽ» ይለኛል። አልዳነም፣ ልጄ ያው ነው፣ ኦቲዝሙም አለ። አሁን አስራ አምስት ያህል ቃል አለው። ክረምት ላይ ጭቃው አላስወጣን ሲል ጥቂቶቹ ጠፍተውበት ነበር፣ መስከረም ላይ መልሰን ጀመርን።

ልትሞክሩ የምታስቡ ካላችሁ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ልጁን ከፈረሱ ኋላ አታስጠጉት፣ ፈረስ ልክ ከጀርባው ያለውን ስለማያይ ደንግጦ ይራገጣል። ጎረምሳ ፈረስ አይሆንም፣ አርጅቶ የተረጋጋ ፈልጉ። ፈረስ ባይኖርም በግ አለ፣ ምንጭ አለ፤ የእናንተ መጠበቅ ነው የማይቀረው።

እሁድ ጠዋት አሁን እኔ አልቀሰቅሰውም። ባናውን ከሳጥን አውጥቶ፣ እየጎተተ አምጥቶ እግሬ ላይ ይጥለዋል። ባጃጃችን ፒያሳ ላይ መኪና ዘግቶባት ስትቆም ደግሞ ሾፌሩን ከኋላ «ቼ!» ይለዋል።