ከዋርሶ የመጣችው «ን»

የተለያየ ቋንቋ ያላቸው ሰዎች በጋራ እንዲግባቡበት ተብሎ የተፈጠረውን ቋንቋ፣ ኤስፔራንቶን፣ መማር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ማታ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ደብተሬን አወጣና ሃያ ደቂቃ ያህል እቀመጣለሁ። ዛሬ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀሁ። ያስቀመጠችኝ አንዲት ፊደል ናት።

ቋንቋውን የፈጠረው ሉድቪክ ዛሜንሆፍ የዓይን ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ቢያሊስቶክ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ የፖላንድ ናት፤ ያኔ የሩሲያ ግዛት ነበረች። አይሁዱ፣ ፖላንዱ፣ ሩሲያዊውና ጀርመኑ ጎን ለጎን ይኖሩባታል፤ ግን ሁሉም በየቋንቋው ነው፣ ጠቡም አይጣል ነው። እሱም አይሁዳዊ ነው፤ ይህን እያየ አደገ። በ1887 ዋርሶ ላይ አዲሱን ቋንቋ የምታስተዋውቅ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። 16 የሰዋስው ሕግ፣ 900 ገደማ ሥርወ ቃል፤ በቃ ይኸው ነው። ስሙን ደብቆ «ዶክቶሮ ኤስፔራንቶ» ብሎ ፈረመ። ተስፋ የሚያደርገው ዶክተር ማለት ነው።

በ900 ቃል እንዴት ይኖራል? መልሱን ያገኘው ታፔላ ላይ ነው። ተማሪ ሳለ «ሽቬይጻርስካያ» የሚል የሩሲያኛ ጽሑፍ ያያል፤ የበር ጠባቂ ክፍል ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ «ኮንዲተርስካያ» የሚል ያያል፤ ኬክ ቤት ነው። ሁለቱም «ስካያ» ብለው ያልቃሉ። አንዲት ቅጥያ ብዙ ቃል ልትወልድ እንደምትችል የገባው ያኔ ነው። ይህን ሳነብ የሰፈሬ ታፔላዎች ፊቴ ድቅን አሉ። ዳቦ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ፀጉር ቤት። እኛ «ቤት»ን ይዘን ለመንደሩ ሁሉ ስም አውጥተናል።

በኤስፔራንቶ ይህ ሥራ የ«ኤዮ» ነው። ሌርኒ መማር ነው፣ ሌርኔዮ ትምህርት ቤት። ኩኢሪ ማብሰል ነው፣ ኩኢሬዮ ማድ ቤት። የምወደው ግን ማልሳኑሌዮ ነው። «ሳን» ጤና ነው፤ «ማል» ትገለብጠዋለች፤ «ኡል» ሰው ታደርገዋለች፤ «ኤዮ» ቤት ትሰጠዋለች። የጤና አልባዎች ቤት፤ ሆስፒታል።

ያልተዋጠልኝም አለ። አባት ፓትሮ ነው፤ እናት ፓትሪኖ። ለእማዬ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና «እናት የራሷ ቃል የላትም?» አለችኝ። የላትም። ከአባት ላይ ነው የተቀጠለችው። ይህ ያሳዝነኛል፤ እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራ ቋንቋ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «ቪ» አንተም፣ አንቺም፣ እናንተም፣ እርስዎም መሆኑን ስነግራት ደግሞ «ታዲያ ታላቅ ሰው በምን ይጠራል?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ፊደሏ ልመለስ። በኤስፔራንቶ ድርጊቱ የሚያርፍበት ስም መጨረሻው ላይ «ን» ይይዛል። «ላ ሁንዶ ሞርዲስ ላ ካቶን»፤ ውሻው ድመቷን ነከሳት። ቢገለብጡትም «ላ ካቶን ሞርዲስ ላ ሁንዶ» ነው፤ ድመቷን ውሻው ነከሳት። የተነከሰችው ያችው ድመት ናት። ካቶን፣ ድመቷን! መጀመሪያ ሳየው ከወንበሬ ተነሳሁ። ብዙ ተማሪ የሚቸገርባት ፊደል እኔ አፍ ውስጥ ነበረች።

ዛሬ ግን መልመጃዬን ከመልሱ ጋር ሳመሳክር ዘጠኝ ቦታ «ን» ጎደለችብኝ። «ሚ አቼቲስ ሊብሮ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሊብሮን መባል ነበረበት። ለምን እንደዘለልኳት አልገባኝም። ዘጠኙን ዓረፍተ ነገር አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለስኳቸው። «መጽሐፍ ገዛሁ»፣ «ውሃ ጠጣሁ»፣ «ደብዳቤ ጻፈች»። አንዱም «ን» የለውም! የእኛዋ «ን» የምትመጣው ነገሩ ሲታወቅ ነው፤ መጽሐፉን ስል፣ ውሃውን ስል። የዛሜንሆፍ «ን» ግን ይታወቅ አይታወቅ ግድ የላትም፤ ሁሌም አለች። ይህን የአማርኛ ሕግ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልስት ስናገረው ኖሬ፣ መኖሩን ያወቅኩት ዛሬ በሰው ቋንቋ ስሳሳት ነው።

እማዬ ከመኝታ ቤቷ ተጣራች። «አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱ ሄደ እኮ። መብራቱን አጥፊና ተኚ።»

መብራቱን። ከማጥፋቴ በፊት ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኳት።