የመጨረሻዋ ጥንድ

አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ቆሜ የሰማሁት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «እህቴ፣ የልጅሽ ስም የለም» አለች የካርድ ሠራተኛዋ። እናትየዋ ልጇን እንዳቀፈች፣ «ኧረ ባለፈው ሳምንት እዚሁ አስከትቤያታለሁ!» ትላለች። ሌላ ካርድ ተከፈተላት። የክትባቱ ታሪክ አሮጌው ካርድ ላይ ቀረ።

የፍለጋውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማታ ፋይሉን ስከፍተው የልጅቷ ስም አለ፦ ሰላም፣ ከጽጌ በታች፣ የመጨረሻው መስመር ላይ። አዲስ ታካሚ ሲመዘገብ ስሙ ከግርጌ ይገባል። ፕሮግራሙ የሚፈልግበት ዘዴ፣ ባይነሪ ሰርች፣ ግን ዝርዝሩን ከመሀል እየከፈለ ስለሚሄድ ከፊደል ተራው የወጣ ስም ያመልጠዋል። ለዚህ ብዬ ነበር ዝርዝሩ መደርደሩን አስቀድሞ የሚያይ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ያስገባሁት። እሱም «ተደርድሯል» ብሎ አሳለፈው።

ጥፋቱ ጥንዶቹን ተራ በተራ እየደጋገመ የሚያየው ኮድ፣ ሉፑ፣ ላይ ነበር። አምስት ስም ካለ ጎን ለጎን የሚነጻጸሩት ጥንዶች አራት ናቸው። ከርዝመቱ 1 መቀነስ ሲገባኝ 2 ቀንሼ ሦስቱን ብቻ አያለሁ። የቀረችው የመጨረሻዋ ጥንድ ናት፤ አዲስ ስም የሚገባውም እዚያው ነው።

ቴስት፣ ማለትም ፈንክሽኑ ትክክል መመለሱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ነበረኝ። 1፣ 2፣ 3 እውነት (ተደርድሯል)፤ 3፣ 2፣ 1 ሐሰት፤ ባዶ ሊስት (ዝርዝር) እውነት። ሁሉም አረንጓዴ፣ ማለትም አለፉ። ግን 3፣ 2፣ 1 ገና በመጀመሪያው ጥንድ ስለሚወድቅ ሉፑ የት እንደሚቆም ምንም አይነግረኝም።

አሁን ከ1 እስከ 5 የተደረደረ ሊስት እወስድና አንድ ጎረቤት ጥንድ ብቻ አገላብጣለሁ፣ በየቦታው ተራ በተራ። አራት ሊስት ይወጣል፤ አራቱም ሐሰት መባል አለባቸው። 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 4 አሮጌውን ኮድ ወዲያው ጣለው። ስመ ሞክሼ ታካሚዎች ስላሉ 1፣ 2፣ 2፣ 3 እውነት እንዲባልም ጨመርኩ። ከዚያ ኮዱን ሆን ብዬ አበላሸዋለሁ፤ ቀይ ካላየሁ ቴስቱን አላምነውም።

የከበደኝ የፊደላችን ነገር ነው። ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሃ እና ኃ ተራርቀው ነው የተቀመጡት፤ ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ ሁሉ በመሀላቸው ይገባሉ። የካርድ ሠራተኛዋ ግን ሃይሉንም ኃይሉንም የምትፈልገው አንድ ቦታ ነው። ስለዚህ ከማነጻጸር በፊት ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ አመጣቸዋለሁ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው። ቴስቱም ተጽፏል፦ ሃይሉ፣ ኃይሉ፣ ለማ። እውነት።