የመሐንዲሱ አባቴን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደጻፍሁት

አባቴ በጥር 2016 ዓ.ም. ሲያርፉ በቀብራቸው ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍነው ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው እየገባና እየወጣ፣ በአንድ ሌሊት ነበር። የትውልድ ዘመናቸው፣ ትምህርታቸውና የሥራ ኃላፊነታቸው በቅደም ተከተል ተነበበ፤ መጨረሻ ላይ «ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ» ተባለ። በፀሐይ ለቆመ ቀባሪ ይህ አጭርነት ተገቢ ስለሆነ አልነቅፈውም። ሆኖም ሥራቸውና ቤታቸው ተለያይተው የማያውቁ ሰው እንዲህ ለሁለት ተከፍለው መቅረታቸውን ልቤ ስላልተቀበለው፣ ለሙት ዓመታቸው ሰፋ ያለ ታሪክ ለማዘጋጀት ወሰንሁ።

የጀመርሁት ከወረቀቶቻቸው ነው። በ1964 ዓ.ም. ከአምስት ኪሎ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሲመረቁ የተሰጣቸው ዲፕሎማ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» ይላል። ሕዝቡ በደፈናው መብራት ኃይል የሚለው መሥሪያ ቤታቸውም በ1989 ዓ.ም. ከባለሥልጣንነት ወደ ኮርፖሬሽንነት ተለውጦ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሏል። ይህን የማያውቅ የልጅ ልጅ አያቱ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ የኖሩ እንዳይመስለው፣ እያንዳንዱን ስም በዘመኑ እንደነበረ ጽፌ የኋላውን ከአጠገቡ አኖርሁ። ከውጭ አገር ባመጧቸው የሥልጠና ምስክር ወረቀቶች ላይ ያሉት ቀኖች ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት በመሆኑ፣ በኅዳር የተሰጠ ወረቀት ላይ 8 የሚቀንስ ሰው ታሪኩን በአንድ ዓመት ያዛባዋል።

ወረቀት ግን ጠባይን አይናገርም። ከፒያሳው ዋና መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ባልደረቦቻቸውን እየፈለግሁ ማነጋገር ስጀምር፣ «አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም በአንድ አፍ «ቅን፣ ሥራ ወዳድ» ይሉኝ ነበር። ምስጋናው እውነት ቢሆንም ለማንኛውም ሟች የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ለውጬ ስለ አንድ ጣቢያ፣ ስለ አንድ ብልሽት፣ ስለ አንድ ሌሊት መጠየቅ ያዝሁ። በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቆቃ ጣቢያ አብረዋቸው የነበሩ አንድ አዛውንት የነገሩኝ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። አባቴ ለጥገና የተቋረጠ መስመር ከመሬት ጋር ካልተያያዘ በስተቀር ማንንም አያስነኩም ነበር፤ የተቋረጠ መስመር ከጎኑ ካለው መስመር በሚያገኘው ኃይል ወይም ሌላ ሰው በስሕተት መልሶ ሲያበራው ሊገድል ይችላልና። ማብሪያውን በራሳቸው ቁልፍ ይቆልፉና የመጨረሻው ሠራተኛ ከምሰሶው እስኪወርድ ቁልፉን ከኪሳቸው አያወጡም፤ የበላይ አለቃ ቢቆጣም አይሰጡም።

ይህን ከሰማሁ በኋላ እናቴ ዘንድ የተቀመጡትን ደብዳቤዎች እንደገና አነበብሁ። አብዛኞቹ የተጻፉት በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ፣ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሲሠራ ከነበረው ከመልካ ዋከና ነው። በአንደኛው ውስጥ፣ ከገንዘብና ከጤና ጉዳይ ቀጥሎ፣ እንዲህ የሚል ትእዛዝ አለ፦ «ልጆቹ አምፖል ሲቀይሩ አስቀድሞ ከቆጣሪው ይጥፋ። ያጠፋው ልጅም ሌላው ጨርሶ እስኪወርድ ከቆጣሪው ሥር አይነቃነቅ።» ልጅ ሳለሁ ከቆጣሪ ሥር መቆም እንደ ቅጣት ይሰማኝ ነበር። የቆቃውን ታሪክና ይህን ደብዳቤ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ግን፣ አባቴ የሠራተኞቻቸውንም የእኛንም ሕይወት የጠበቁት በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ እንደነበረ ተረዳሁ፤ የቀረውንም ታሪክ በዚሁ ዙሪያ አዋቀርሁት።

እናቴ ረቂቁን ሳነብላቸው አንድ ነገር አስተካከሉኝ። «ቤተሰባቸውን የሚወዱ» ብዬ የጻፍሁትን ከሰሙ በኋላ፣ «ሦስተኛዋ ስትወለድ እኮ አልነበሩም፤ እሱንም ጻፈው» አሉኝ። ስለ ሟች ሲጻፍ እንዲህ ያለውን መሸፈን በአገራችን የተለመደ ነው፤ እኔም አመንትቼ ነበር። ሆኖም መራቃቸው ካልተጻፈ፣ ከሩቅ ሆነው የልጆቻቸውን የሂሳብ ደብተር በፖስታ እያስላኩ ማረማቸው፣ አዲስ አበባ ሲመደቡም ከደጎል አደባባይ ዶሮ ማነቂያ ድረስ በእግራቸው እየመጡ ምሳ ከእኛ ጋር መብላታቸው ክብደቱን ያጣል። እንዳሉኝ ጻፍሁት።

በጣም ያስቸገረኝ ጎረቤቶችን ማግኘት ነበር። አባቴ ካረፉ ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያ ለመልሶ ማልማት ስለፈረሰ፣ በአንድ ጥሪ ይሰበሰብ የነበረው ሰፈርተኛ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበተነ። ያገናኘኝ የዕድራችን ጸሐፊ መዝገብ ነው፤ የአባላቱን ስልክ በጥንቃቄ ይዘውት ነበር። ለዚህ ሥራ የሚነሣ ሰው፣ ሰፈሩ ገና ሳይነካ የዕድሩን መዝገብ ፎቶ ቢያነሣ፣ አዛውንቶቹንም ቢቀዳ ብዙ ድካም ይቀርለታል። ስለ ሟች ብቻ ሳይሆን በሕይወት ስላሉትም ነው የምለው።

ታሪኩ በሙት ዓመታቸው ተነቦ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ፣ ለዕድሩና ለባልደረቦቻቸው ተባዝቶ ደርሷል። ከመልካ ዋከና የመጣ አንድ የቡድን ፎቶግራፍ ግን እስካሁን አልተሟላም። ከአባቴ ጀርባ የቆሙትን ሠራተኞች ስም ከሥዕሉ ግርጌ ለማስፈር፣ በዚያ ዘመን እዚያ የነበሩ ሰዎችን አሁንም እየጠየቅሁ ነው።